መብራት ያዥ

ባሕሩ ሸሸ።
ጀልባችን ጭቃው ላይ በጎኗ ተኛች፣
ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ፣ እንደ ጠገበች ላም ተንጋላ ቀረች።
ዳልካሁዌ ላይ ውኃ ቀጠሮ ያውቃል፤
ስድስት ሰዓት ሄዶ፣ በስድስት ሰዓት ይመለሳል።
የኛ ሞተር ግን ቀጠሮ አያውቅም፤
ትናንት ማታ ሲያንጎራጉር አምሽቶ፣
ዛሬ ጧት ሁለቴ አሳለ፣ ነጭ ጭስ ተፋና፦ ዝም።

ስንቁ ተጭኗል፦
ሁለት ጆንያ ድንች፣ በጭስ የደረቀ ዓሣ፣ ሽንኩርት በገመድ፤
የቤት ቁልፍ ለጎረቤት፣ ዶሮዎቹ ለዘመድ።
አርባ ዓመት «ከርሞ» ሲባል የከረመ መንገድ፣
ወደ ደቡብ፣ የበረዶ ግንብ ባሕር ውስጥ ወደሚናድበት፣
ይኸው ዛሬ ሊሆን፣
ይኸው ከነጓዛችን የጭቃ ላይ ጉልት።

ኤሊሴዮ የሰው ሞተር ሲፈታ ነው ያረጀ፤
የአሻጋሪውን፣ የአጥማጁን፣ የቄሱን ሳይቀር እያበጀ።
ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ?
የራሱ ሞተር እዚህ ደረሰ፣ «ነገ ይታያል» እየተባለ።

«መብራት!» ይለኛል ከታች።
መብራት ያዥ ነኝ እኔ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ በዝናብ በጨለማ፣ በጉልበቴ በጎኔ።
«ወደ ቀኝ! ወዲህ! ኧረ ዓይኔ ላይ አይደለም!»
እሱ የት እንደሚያይ ካልነገረኝ፣ የት እንደማበራ አላውቅም፤
እሱም የሚያየውን እስኪያገኝ፣ የት እንደሚያይ አያውቅም።
ትዳር ማለት ከሞላ ጎደል ይኸው ነው መሰለኝ፤
ቅር አላለኝም፣
ክንዴን ግን ደከመኝ።

የናፍጣ ማጣሪያውን ፈታ፤ ውኃ የለ፣ ዝቃጭ የለ።
የውኃ ፓምፑን ከፈተ፤ የላስቲኩ ክንፍ አልጎደለ።
ቺንጋውን ጎተተ፣ ጓርኒሲዮኑን አሸተተ፣
ካቻቢቴ ወረወረ፣ የወረወረውን ራሱ ጎንበስ ብሎ ፈለገ፤
ሰባት ቅዱሳን በየስማቸው ጠራ፣
ስምንተኛውን ረገመ፤
ከዚያ ዝም አለ። የሱ ዝምታ ነው የሚያስፈራ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰማሁ፦
ናፍጣውን በእጁ ሲገፋ፣ ከሞተሩ ጀርባ፣
እስስ… እስስ… የምትል ቀጭን ፉጨት፣
የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ስሙን ሲናገር ዓይነት።

«አየር ይስባል» አልኩት።
«ማን?»
«ቱቦው። ከኋላ።»
ቀና ብሎ አየኝ፤ ግንባሩ በግራሶ ተቀብቶ፣ የዐመድ ረቡዕ መስሎ።
እጁን ሰደደ። አልገባም።
አርባ ዓመት ብርድና ብረት
ጣቶቹን የዝንጅብል ሥር አስመስለዋቸዋል።
ዞር ብሎ ውኃውን አየ፤ ከደሴቶቹ መሐል መመለስ ጀምሯል፣
ጭቃውን እየላሰ፣ እየላሰ ይመጣል።
«ነይ እስቲ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።
መብራቱን ከእጄ ወሰደ።

በሆዴ ተኛሁበት ሞተሩ ላይ፣ ትከሻዬን አጥብቤ።
የልብስ ሰፊ እጅ ነው፤ ሳያይ ያያል።
ስንጥቁን ጣቴ አገኘው፣ ፀጉር እንኳ አያክል።
«ወደ ግራ አብራልኝ! ኧረ ግራ! ዓይኔን ነው እንዴ የምትጠግነው!»
ሳቀ።
እኔ ለመሳቅ ጊዜ አልነበረኝም፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት ነው የተናገረው።

የተሰነጠቀውን ቆርጬ፣ የተረፈውን ስቤ አሰርኩ፤
የስፑርጎውን ብሎን አላልቼ አየሩ እስኪወጣ ጠበቅኩ።
መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ ምራቅ የመሰለ ነገር፣
ኋላ ጥርት ያለ ናፍጣ፣ በክንዴ እስከ ብብቴ ሲንቆረቆር።

«ሞክረው።»
ምንም።
«ድገመው።»
ሲደግመው ጀልባዋ ከሥሯ ተነቃነቀች፤
ሞተሩ ይሁን ውኃው ለጊዜው አልለየሁም።
ሁለቱም ነበሩ።

አሁን እየሄድን ነው።
የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት ከኋላችን አንሷል።
ኤሊሴዮ መሪውን በአንድ እጁ ይዟል፤
እኔ ወለሉ ላይ ክንዴን በሳሙና አሻለሁ፣ ናፍጣ መች ይለቃል።
በሌላ እጁ መብራቱ አለ።
አልመለሰልኝም።
በጠራራ ፀሐይ፣ እንደበራ፣ ወደ ባሕሩ ይዞታል፤
ባትሪው ያልቃል አላልኩትም።